ለጀርመኑ የተላኩ ሽማግሌዎች

ጥር 16

መብራት መጣ! ከምሳ በፊት። ጎረቤቱ ሁሉ እልል አለ፣ እኔም አብሬ። ከዚያ ምን ላድርግበት? ካውያ ሰካሁ። የምተኩሰው ልብስ ግን የለኝም… በጦርነቱ ወልድያ ስትያዝ ጥዬው የሄድኩት ሁሉ ተወስዷል። የተረፉኝ ሁለት ቀሚሶች ደግሞ የማይተኮስ ጨርቅ ናቸው። ቢሆንም ካውያው ሲግል ቁጭ ብዬ አየሁት። ደስ ይላል።

የዩኒቨርሲቲው ግቢ ገና አልተከፈተም። ተማሪ የለም፣ ወንበር የለም። እናቴ ከአዳማ ደወለች። "እንግሊዝኛ የምታስተምሪው ለግድግዳው ነው? ነይ በቃ!" እውነቷን ነው። ለዝውውር አመልክቻለሁ አልኳት። አላመለከትኩም። ነገ አመለክታለሁ።

ማታ ላይ ናጅዋ ከመርሳ ተመለሰች። ቤት የምጋራት ጓደኛዬ፣ ሂሳብ አያያዝ የምታስተምር፣ እንደኔው ሥራ ፈት። ፓፓያ ይዛ መጣች፣ ወሬም ይዛ። "አባ ጀርመንኛ የሚያነብ ሰው ፈልጊልኝ አለኝ።"

አባቷ ሀጂ አብዱልመሊክ የማሾ ነጋዴ ናቸው። ከሀብሩ ገበሬ ይገዛሉ፣ ያስለቅማሉ፣ አዲስ አበባ ባለ ላኪ ድርጅት በኩል ሀምቡርግ ላለ አንድ ነጋዴ ይሸጣሉ። ወይም ይሸጡ ነበር። ከነሐሴ እስከ ታኅሣሥ ስልክ የለ፣ መንገድ የለ… አሁን ስልኩ ሲከፈት የጀርመኑ ደብዳቤዎች ተግተልትለው ገቡ።

ጀርመን አገር፣ ላይፕዚግ ሁለት ዓመት የተማርኩት ምን ሊሠራልኝ ነው? "እኔ አነባለሁ!" አልኳት። ጉራዬ ብቻ። ጀርመንኛ ካየሁ ስንት ጊዜዬ!

ጥር 20

አነበብኩ። ሰውየው ኸር ሎሬንሰን ይባላሉ፣ ኸር ማለት አቶ ነው። በፊት እንግሊዝኛ የምትጽፍላቸው ጸሐፊ ነበረቻቸው፣ ጡረታ ወጣች። አሁን በገዛ ቋንቋቸው ይጽፋሉ። ተርጓሚ ከእናንተ ወገን ይፈለግ ብለዋል።

ቋንቋው አልከበደኝም። የከበደኝ ሰውየው ናቸው። እኚህ ሰው አንድ ነገር በቀጥታ አይናገሩም! "ራስ ያለው ምስማር እንሥራ።" ነገሩን በወጉ እንቋጨው ለማለት ነው። "ጉዳዩን ረጅሙ አግዳሚ ላይ አትግፉት።" አታጓትቱት ማለታቸው ነው። "በጆንያ ውስጥ ያለ ድመት አልገዛም።" ሳላይ አልገዛም፣ ናሙና ላኩ።

ይሄን ሁሉ ወደ እንግሊዝኛ ማዞር አለብኝ። የላኪው ድርጅት ለፋይልም ለባንክም የሚቀበለው እንግሊዝኛ ብቻ ነው። ፋይሉን የሚይዘው አቶ ይርጋ የሚባል ሰው ነው። ለሙከራ ቃል በቃል ተርጉሜ ላኩለት። ቶሎ ደወለ።

"እህቴ፣ ምስማር ነው እንዴ የምንልከው? ማሾ መስሎኝ!"

"አባባል ነው።"

"ድመቷስ?"

"እሷም አባባል ናት።"

"እህቴ፣ ባንክ አባባል አያውቅም።"

ልክ ነው። እንግሊዞቹ ለድመቷ የራሳቸው አላቸው፣ ግን እነሱ ጆንያው ውስጥ የሚያስገቡት አሳማ ነው። የሀጂ ፋይል ውስጥ አሳማ ላስገባ? ተውኩት። "ናሙና ካላየ አይገዛም" ብዬ ጻፍኩ። አጭር፣ ጥሩ እንግሊዝኛ። ኮራሁ። እዚህ ሥራ ላይ ጎበዝ ሳልሆን አልቀርም…

ጥር 27

መርሳ ዋልኩ። ኬላው ላይ ወታደሩ "ምን ልትሠሪ?" አለኝ። ጀርመንኛ ላነብ። መታወቂያዬን ሁለቴ አገላብጦ አየው። ከዚያ ሳቀ፣ አሳለፈኝ።

የሀጂ መጋዘን ቆርቆሮው ተበሳስቷል። የማበጠሪያው ሞተር ተነቅሎ ሄዷል። ሴቶቹ መሬት ላይ ሸራ ዘርግተው በሰፌድ ያበጥራሉ፣ በእጃቸው ይለቅማሉ። አለቃቸው ረሂማ ናት። ምላሷ! ገና ሳልቀመጥ "አንቺ ነሽ የነጩን ሰውዬ ነገር የምታውቂው? ታዲያ ምን አስኮረፈው?" አለችኝ።

ማሾው የተረፈ ነው። የውርጌሳ ገበሬዎች ጉድጓድ ቆፍረው ቀብረውት፣ በታኅሣሥ አወጡት። አሁንም አፈር አፈር ይሸታል። ሀጂ አንድ እፍኝ አንስተው አሳዩኝ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ቶሎ የሚስቁ ሰው ናቸው። ያኔ ግን አልሳቁም።

"ልጄ፣ ይሄ ማሾ ወይ ዘር ነው ወይ ንፍሮ ነው። ሰውየው ዘንድሮም እገዛለሁ ካለ ገበሬው ለዘር ያስቀምጠዋል፣ ክረምት ሲገባ ይዘራዋል። አልገዛም ካለ ዛሬውኑ ይቀቀላል። ሰው ርቦታል። እኔ አስቀምጡት ብዬ በኋላ ገዥ ከጠፋ ምን ዓይን ይኖረኛል?"

ነገሩ ለካ እንዲህ ነው። እኔ በድመትና በአሳማ ስጫወት…

መልስ አስጻፉኝ። "አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላህ" ተብሎ ተጀመረ። ከዚያ የሰውየው ጤና፣ የቤተሰቡ ጤና፣ የሀምቡርግ ዝናብ፣ የጎረቤቶቻቸው ሰላም። ገጹ ሞላ፣ ማሾ የሚል ቃል ገና አልመጣም።

"ሀጂ፣ ጦርነቱንስ? ለምን እንደጠፉ አንነግራቸውም?"

"አንነግርም። ነጋዴ ነኝ፣ ለማኝ አይደለሁም። አሳዝኜ አልሸጥም።"

ናጅዋ ከኋላቸው ሆና ዓይኗን ወደ ጣራው ሰቀለች። እንዲሁ ጻፍኩት።

የካቲት 4

የጀርመኑ መልስ ሁለት መስመር ነው። ለመልካም ምኞትዎ አመሰግናለሁ። አሁን ግን "ቅቤውን ከዓሣው ጋር" ያቅርቡልኝ።

ወደ ገደለው ግቡ ማለት ነው። ለሀጂ በስልክ ቃል በቃሉንም ነገርኳቸው። "ዓሣ በቅቤ ይበላሉ?" አሉ። ከልባቸው ገረማቸው።

የካቲት 8

ሁለተኛውን መልስ ያስጻፉኝ ጊዜ ሰላምታውን ቆርጬ ጣልኩት። ሰውየው አይፈልጉትማ! የቀረው ንጹሕ ነበር፦ ናሙና ይላካል፣ እህሉ አለ፣ ለመጪው ዓመት ውሉን እናድስ። ሰውየው ደርሶኛል ብቻ ብለው መለሱ። ዛሬ ሀጂ ደወሉ።

"ስለ ቤተሰቡ ምን አለ?"

"ምንም አላሉም…"

"ጠይቄው ምንም አላለም?"

ስለ ናሙናው ላወራ ሞከርኩ። ገባቸው። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

"ልጄ፣ ሰላምታዬን የት ጣልሽው?"

አፈርኩ። ማታ ተጨማሪ ደብዳቤ ጻፍኩ፣ ሰላምታ ብቻ። የሀምቡርግ ዝናብ እንኳን አልቀረም።

የካቲት 17

መጣ። አይሆንም ነው።

"ከነሐሴ ጀምሮ ድምፃችሁ ጠፋ። ባቡሩ ሄዷል" ይላል፣ ጊዜው አልፏል ለማለት ነው። ከሌላ አገር ነጋዴ ጋር እየተነጋገሩ ነው፣ በዚህ ወር ይፈራረማሉ። ለሰላምታው አመስግነዋል። ቤተሰባቸው ደህና ነው።

ለይርጋ በጥሩ እንግሊዝኛ ልጽፍለት ብዬ… እንግሊዞቹ እዚህ ቦታ መርከቡ ሄዷል ይላሉ። እንደዚያው ጻፍኩ። ልክ እንደሚናገሩት። በዚያ ሁሉ ኀዘን መሀል አሪፍ ተረጎምኩ ብዬ ትንሽ ደስ አለኝ፣ አይ እኔ! ይርጋ እየጮኸ ደወለ። "የትኛው መርከብ? ጅቡቲ ያደረስነው ዕቃ የለም እኮ! ማን ጫነው?" እስካስረዳው ወገቤ ተቆረጠ።

ሀጂን ለመንገር መርሳ ሄድኩ። በስልክ አይነገርም። ባቡሩ ሄዷል አሉ አልኳቸው። ግራ ገባቸው።

"እዚሁ ጎረቤታችን ሐራ የባቡር ጣቢያ አለች፣ ባቡር የምትጠብቅ። እስካሁን አልመጣላትም። ሳይመጣ ነው እንዴ የሚሄደው?"

ረሂማ ሳቀች፣ ሴቶቹ ሳቁ። እሳቸው ግን ሰፌዶቹን ነበር የሚያዩት። ረሂማ መውጫው ላይ ክንዴን ያዘችኝ። "ቁርጡን ንገሪኝ። ልጆቼ ንፍሮ ንፍሮ ይሉኛል። እኔ ደግሞ ዘር ነው፣ አይነካም እያልኩ እከለክላቸዋለሁ። ልስጣቸው?" ምን ልበላት? ትንሽ ታገሺ አልኩ። በምን ሥልጣን?

የካቲት 19

ሀጂ ደወሉ። ድምፃቸው ተቀይሯል፣ ደስ ብሏቸዋል።

"ሽማግሌ እንልካለን።"

"የት?"

"ሀምቡርግ ነዋ። ሰውየው ተቀይሞኛል። ቅያሜ በወረቀት አይበርድም። ሽማግሌ ይሄዳል፣ ይለምናል።"

"ሀጂ… ቪዛው…"

"በስልክ ልጄ! ፊት ለፊት በሚያሳየው!"

ናጅዋ መሬት ላይ ተንከባለለች። ሳቋ ሲያልቅ ግን "አባ ይሄን ካሰበ አይተወውም" አለች።

ለኸር ሎሬንሰን ጻፍኩ። ሽማግሌ መላክ በጀርመንኛ ምን ይባላል? አስማሚ? ገላጋይ? የጠብ ነገር ሆነ፣ ጠበቃ ጠበቃ አለ። "ከአካባቢው የተውጣጣ ልዑክ በቪዲዮ ሊያነጋግርዎ ይፈልጋል" አልኩ። ልዑክ! እንዴት ያምራል። በቢሮ ቋንቋ ልክ የተሰፋ።

የካቲት 25

እሺ ብለዋል። ሩብ ሰዓት። "ከመጡ ይምጡ፣ ግን ባቡሩ አሁንም ሄዷል።"

መጋቢት 5

ዝግጅት። ሽማግሌዎቹ ሼህ ሰይፈዲንና ቄስ አንዳርጋቸው ናቸው። መርሳ ላይ ሁለቱ ያላስታረቁት ባልና ሚስት የለም ይባላል። ረሂማ መጣችና "እኔስ? እህሉን የማውቀው እኔ፣ ለልመናው ወንድ ብቻ?" አለች። ቄስ አንዳርጋቸው "ይሄ ነገር በደንባችን የለም" ማለት ሲጀምሩ ሼሁ አቋረጧቸው። "በስልክ ሽምግልናም በደንባችን የለም። ትግባ።" ገባች።

መጋቢት 9

ልሳቅ ወይስ ልደንግጥ አላውቅም። ከመጀመሪያው ልጻፈው።

መጋዘኑ በር ላይ ኔትወርኩ ይሻላል። ስልኩን የማሾ ጆንያ ላይ አቆምነው። ይርጋም ከአዲስ አበባ በመስመሩ ገባ፣ ለፋይሉ። ሀጂ ራቅ ብለው ተቀመጡ፣ ባለጉዳይ ከሽማግሌ ጋር አይቆምም። ሁለቱ አዛውንት ከዘራቸውን ተደግፈው ቆሙ፣ ረሂማ በጎናቸው። ወንበር ነበር። አልተቀመጡም። በእርግጥ አይቀመጡም… እኛ አገር ሽማግሌ ልመናው እሺ ካልተባለለት መች ይቀመጣል? ይሄን እኔ አውቃለሁ። ጀርመኑ አያውቁም። ያኔ ግን አልታሰበኝም።

ኸር ሎሬንሰን ብቅ አሉ። ነጭ ፀጉር፣ ግራጫ ሹራብ፣ ከኋላቸው መደርደሪያ ሙሉ ባቄላና ምስር በብርጭቆ ብልቃጥ። ሼሁ ጀመሩ።

"አሰላሙ አለይኩም። እንዴት ዋሉ አንቱ? ቤተሰብ ደህና? ሰፈር ደህና?"

አንቱ አሏቸው! እኔም በጀርመንኛው አንቱታ አሳለፍኩት፣ ልክ ገጠመ። እንግሊዝኛ ቢሆን ምን ይውጠኝ ነበር?

"ልጃችን አብዱልመሊክ በድሎዎታል። ቃል ሰጥቶ ጠፍቶብዎታል። ጥፋቱ የሱ ነው፣ አንከራከርም። እኛ ግን ስለሱ ልንለምን መጥተናል። ይቅር ይበሉት።"

ይርጋ በስልኩ ውስጥ አበደ። "እህቴ በናትሽ! ጥፋቱ የሱ ነው የሚለውን እንዳትተረጉሚው! ውል አፍርሰናል ብሎ ይይዘናል!"

"ማነው በሽማግሌ መሀል የሚገባው?" አሉ ቄስ አንዳርጋቸው።

ሁሉም እኔን አዩኝ። አንድ ጊዜ የሰው ሰላምታ ጥያለሁ… ዛሬ አልጥልም። ሁሉንም ተረጎምኩ። በድሎዎታል የሚለውን ጭምር።

ጀርመኑ መነጽራቸውን አወለቁ። "የምን ጥፋት? ቴሌቪዥን አያለሁ እኮ። እናንተ ጋ ምን እንደነበረ አውቃለሁ። እኔን የከፋኝ በሕይወት መኖራቸውን እንኳን የነገረኝ አለመኖሩ ነው።" ከዚያ ጠጋ ብለው አዩ። "ለመሆኑ እነዚህ አዛውንቶች ለምን ይቆማሉ? ስለ እግዚአብሔር ብላችሁ ተቀመጡ እንጂ!"

ተረጎምኩ። ምን ላድርግ? "ስለ ፈጣሪ ተቀመጡ" አልኩ።

በቃ! ሼሁ "አልሐምዱሊላህ!" ብለው ጆንያው ላይ ቁጭ። ቄሱ "እግዚአብሔር ይስጥልን!" ብለው ቁጭ። ረሂማ እልልታውን ለቀቀችው፣ ለቃሚዎቹ ተቀበሏት፣ ሀጂ እንባቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ። ምርቃት በሁለት ሃይማኖት ወረደ። ስልኩ ላይ ኸር ሎሬንሰን አፋቸውን ከፍተው ሲያዩ… ኔትወርኩ ሄደ።

መጋቢት 10

ወይ ጣጣዬ!

ሰውየው ወንበር ነው የሰጡት። ማሾ እገዛለሁ አላሉም። ሀጂ ግን ትናንትናውኑ ለውርጌሳ ገበሬዎች ልከዋል፦ ዘሩ አይነካ። ረሂማም ለልጆቿ ነግራለች።

ሀጂ ጋ ሄድኩ። አስረዳኋቸው። በእነሱ አገር ተቀመጡ ማለት ተቀመጡ ማለት ብቻ ነው አልኩ።

"ሽማግሌ ፊቱ ቆሞ፣ ለምኖ፣ እሱ በአፉ ተቀመጡ ብሎ?"

"ደንቡን አያውቁትም ሀጂ!"

"ያልነገረው ማነው?"

እኔ ነኝ። ልዑክ ብዬ! እንዳያስቸግር፣ ጆሮ እንዳይቆረቁር ብዬ ሽማግሌውን ከነደንቡ ከደብዳቤው አስወጣሁት። ጀርመኑ ማን ፊታቸው እንደቆመ ሳያውቁ ገቡበት።

ይርጋ ደግሞ ቃለ ጉባኤ ፈለገ። በእንግሊዝኛ። ሐሳቡ ተዘጋጅቶ ነው የመጣው። "'በመርህ ደረጃ ተስማምተዋል' ብለሽ ጻፊው። ማንም አይጠይቅም። በኋላ ባይገዛ እንኳን…" እንዴት ያለ ልስልስ እንግሊዝኛ ይወጣዋል! ጣቴ ሄዶበት ነበር። ጻፍኩት። አጠፋሁት። ሁሉም የሚደሰትበት ሐሰት… እስከ መኸር ድረስ። ከዚያስ? ረሂማን ምን ልላት ነው?

"ገዥው ሽማግሌዎቹን እንዲቀመጡ ጋብዘዋል" ብዬ ላኩለት።

"እህቴ፣ ይሄን ባንክ ምን ይለዋል?"

"የተባለው ይሄ ነው።"

መጋቢት 12

ለኸር ሎሬንሰን ጻፍኩ። ከሀጂ ስም ሳይሆን ከራሴ። ሀጂን አስፈቅጃለሁ። "ጻፊለት፣ ግን አትለምኚው" አሉኝ።

በጀርመንኛ የጻፍኩት ከዚህ በፊት እንዲህ ተፍረጥርጦ አያውቅም። ልዑክ ያልኩዎት ልዑክ አይደለም። እኛ ዘንድ የበደለ ሰው ሽማግሌ ይልካል። ሽማግሌ ጥፋቱን አምኖ፣ ቆሞ ይለምናል። የተለመነው ሰው ተቀመጡ ካለ ይቅር ብሏል፣ ልመናውን ተቀብሏል። እርስዎ ተቀመጡ ብለዋል። አስቀድሜ ስላልነገርኩዎ ጥፋቱ የኔ ነው፣ በዚህ ሊያዙ አይገባም። ግን መርሳ ላይ ሰዎች ዘራቸውን ሳይበሉ እየጠበቁዎት ነው። የማይገዙ ከሆነ ቶሎ ይንገሩን።

ላክሁ።

መጋቢት 20

ምንም።

መጋቢት 28

ረመዳን ገብቷል። ናጅዋ ትጾማለች፣ እኔ የዐቢይ ጾም ላይ ነኝ። ቤቱ ውስጥ ሥጋ የሚያስብ የለም። ማፍጠሪያ ሰዓት ላይ አብረን ቴምር እንበላለን። መልስ የለም። ስልኬን የማየው… ኧረ በቃኝ። ሀጂ አንዴም አልጠየቁኝም። ስደውልላቸው "አብሽሪ ልጄ" ብቻ ይሉኛል። እኔን ነው እንግዲህ የሚያጽናኑኝ።

ሚያዝያ 6

መጣ!!

እዚሁ ልገልብጠው፣ እንዳይጠፋኝ፦

"የተከበሩ ወይዘሪት፣ ደብዳቤዎን ለልጄ አነበብኩላት፣ ሳቀችብኝ። እኔ አልሳቅሁም። አባቴ ከሰው ጋር ተጨባብጦ ወረቀቱን ከወር በኋላ የሚፈርም ነጋዴ ነበር። ተቀመጡ ማለት እናንተ ዘንድ ቃል ከሆነ፣ ቃል ሰጥቻለሁ። ባላውቅም ከአፌ ወጥቷል። ሆኖም በመሀሉ ከሌላው ነጋዴ ጋር ተፈራርሜ ነበር፣ እሱም ቃል ነው። ከእናንተ የምገዛው ግማሹን ብቻ ነው። ይህን እንዴት እንደምነግራቸው አላውቅም። ስብሰባ ያመቻቹልኝ። በነገራችን ላይ፣ ሌላ ጊዜ ቀድሞ ይነገረኝ። ትንሽ አቆማቸው ነበር።"

ጮህኩ። ናጅዋ ከመስገጃዋ ላይ ብድግ አለች።

ግማሽ! ደስ ይበለኝ ወይስ ይክፋኝ? ሀጂን ጠየቅኳቸው። "ግማሹ ዘር ይሆናል፣ ግማሹ ንፍሮ" አሉ። "ለረሂማ ልጆችም ይደርሳል።"

ሚያዝያ 10

ይርጋ ደብዳቤውን በእንግሊዝኛ ፈለገ። አንድ መስመር ይበቃው ነበር፦ ግማሽ ይገዛሉ። እኔ ግን ሁሉንም ሰጠሁት። አባትየውን፣ መጨባበጡን፣ ባላውቅም ከአፌ ወጥቷል የሚለውን። እንግሊዝኛው ትንሽ ይንሻፈፋል። ይንሻፈፍ። ይርጋ ደወለ። ስለ ባንክ ሊያነሳ ነው ብዬ ስዘጋጅ፣ "ለባለቤቴ አነበብኩላት" አለኝ።

ግንቦት 4

ግቢው በመጪው ሳምንት ተማሪ ይጠራል። ስለ ሰሜኑ በየቀኑ አዲስ ወሬ አለ፣ ግማሹ ያስፈራል። ለእናቴ ግን ክረምት ላይ ለጥየቃ ብቻ እመጣለሁ አልኳት። "ዝውውሩስ?" አለች። አላመለከትኩም፣ አላመለክትምም አልኳት። ትንሽ ተነጫነጨች፣ ከዚያ ፓፓያ ይዘሽ ነይ አለች።

ዛሬ መርሳ ነበርኩ፣ ለስብሰባው። ዒዱ ካለፈ ወዲህ ሼሁ ጉልበታቸው ተመልሷል። ሁሉም በየጆንያው ላይ ተደላድሎ ተቀምጧል፣ ሀጂ መሀል ላይ። እኔ ብቻ ስልኩ አጠገብ ቆሜአለሁ።

ስክሪኑ በራ። ኸር ሎሬንሰን ኮት ለብሰዋል። ከረባትም። ወንበራቸው ከኋላቸው ይታያል፣ እሳቸው ግን አልተቀመጡበትም። እጃቸውን አጣጥፈው ቆመዋል፣ ቀጥ ብለው።

"አሰላሙ አለይኩም" አሉ። ከየት እንደተማሩት እንጃ። ከዚያ በጀርመንኛ ቀጠሉ፦ በመጀመሪያ የሀጂ ጤና፣ የቤተሰባቸው ጤና፣ ዝናቡ ጀምሯል ወይ። ኋላ ግማሹ ላይ ደረሱ። ቃሌን ማጉደሌ ነው፣ ሌላውን ነጋዴ መካድ አልቻልኩም፣ ይቅርታ እጠይቃለሁ አሉ። ተረጎምኩ። ጨረሱ። አልተቀመጡም።

ሼህ ሰይፈዲን ጎንበስ ብለው ስልኩን አዩት። "ይሄ ሰው… ቆሟል?"

"ቆመዋል" አልኩ።

"ትንሽ ይቁሙ!" አለች ረሂማ።

ሀጂ ግን ከጆንያው ዘለው ተነሱ። "ኧረ ይቀመጡ! ኧረ ስለ አላህ ይቀመጡ!" በሁለት እጃቸው አየሩን ወደ መሬት ይጫናሉ። እኔ አፌን ስከፍት ኸር ሎሬንሰን ወንበሩን ስበው ቁጭ ብለዋል። እልልታው ጣራውን ሊነቅለው ደረሰ። እሳቸው ወዲያ ማዶ ያጨበጭባሉ፣ ሼሁና ቄሱ እኩል ይመርቃሉ፣ ሀጂ እየሳቁ ያለቅሳሉ። ማንም ተርጉሚልን አላለኝም። ምን እንደምሠራ ጠፍቶኝ እዚያው ቆሜ ቀረሁ።

ረሂማ ጆንያዋ ላይ ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀች።

"አንቺስ ምን ትጠብቂያለሽ? ቁጭ በይ!"

ቁጭ አልኩ።